ቅጣት ከፖሊስ የግል ስልክ አይውጣ፦ ለትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎችና ለሕግ አውጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራፊክ ፖሊስ የበላይ ኃላፊዎች፣ ለትራንስፖርት ባለሥልጣናትና ለሕግ አውጪዎች፤

የትራፊክ ፖሊስ አባላት በእጅ ስልካቸው ፎቶ እያነሡ አሽከርካሪዎችን የሚቀጡበት አሠራር በተለያዩ አገሮች እየተለመደ መጥቷል። አባሉ መንገድ ዳር ቆሞ ቀይ መብራት የጣሰውን፣ ቀበቶ ያላሰረውን፣ ደርቦ የቆመውን ወይም እየነዳ ስልክ የሚያወራውን ያነሣል፤ ታርጋው ይመዘገባል፤ ቅጣቱም ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ለባለንብረቱ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቁጥጥሩ እንዲቀር ለመጠየቅ አይደለም። የምጠይቀው ለቅጣት ማስረጃ የሚሆን ምስል በፖሊስ አባል የግል ስልክ መነሣቱ እንዲቆም፣ በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ የሚነሣውም ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ የሚቀጣው ሰው ሊመረምረውና ሊከራከርበት በሚችል መንገድ እንዲያዝ ነው።

የቁጥጥሩን አስፈላጊነት የምጠራጠር ሰው አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ ትራፊክ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ውስጥ ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። ይኸው ድርጅት እንደሚለው እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል ከማይጠቀመው ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን አሽከርካሪ ማንም ሳያየው እንዲያልፍ የሚፈልግ ጤነኛ ሰው አይኖርም። ፎቶ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፤ ፖሊሱ በሚፈስ የተሽከርካሪ ጎርፍ መሐል ገብቶ መኪና ለማስቆም ራሱን ለአደጋ አያጋልጥም፣ መንገድ ዳር የሚነሣው ጭቅጭቅ ይቀንሳል፣ በመስኮት የሚቀባበሉት ገንዘብም ቢያንስ በዚያ መልኩ ይጠፋል። እነዚህ ቀላል ጥቅሞች አይደሉም። ሆኖም ጥቅሙ የሚገኘው ምስሉ ማስረጃ ሆኖ ሲቆም ነው፤ በግል ስልክ የተነሣ ምስል ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ለመቆም የሚጎድለው ብዙ ነው።

ነገሩን በቅርብ ያየሁበትን አንድ አጋጣሚ ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ቆመሃል ተብሎ የቅጣት መልእክት ደረሰው። በመልእክቱ ላይ የሰፈሩት ታርጋው፣ ቀኑ፣ የጥፋቱ መለያ ቁጥርና የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ነበሩ። ቅሬታ ሊያቀርብ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የተቀበለችን ሠራተኛ በትሕትና ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችልን። የመኪናው የፊት ጎማዎች የማቋረጫውን ነጭ መስመር ረግጠዋል፤ ታርጋው ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በምስሉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ ጓንት ያጠለቀ አንድ እጅ ከክርኑ በታች ብቻ ይታያል። በዚያ ሰዓት የትራፊክ መብራቱ ተበላሽቶ ስለነበር መሐል መንገድ ቆሞ ተሽከርካሪዎቹን ሲያስተናግድ የነበረው የሌላ ፖሊስ እጅ ነው። ጓደኛዬ «እሱ ራሱ ና ብሎኝ ወጣሁ፤ ወዲያው መልሶ አስቆመኝ» ብሎ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የአስተናጋጁ ፖሊስ ትእዛዝ ከመብራትም ከምልክትም በላይ እንደሆነ ይደነግጋልና ክርክሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ሠራተኛዋም ሙሉው ፎቶ ቢገኝ ነገሩ እንደሚጣራ ተስማማች፤ ሲስተሙ የሚቀበለው ተቆርጦ የቀረበውን ምስል ስለሆነ ዋናው ያለው በአባሉ ስልክ ላይ ነው አለችን። ተደወለለት። «ስልኬ ሲሞላብኝ አጥፍቼዋለሁ» አለ። ጓደኛዬ ከፍሎ ወጣ።

ፖሊሱ ዋሽቷል ብዬ አላምንም። የማንኛችንም ስልክ ይሞላል፣ ማንኛችንም የቆዩ ፎቶዎችን እናጠፋለን። ችግሩም ይኸው ነው፤ አንድን ሰው ለመቅጣት የዋለ ማስረጃ ከቤተሰብ ፎቶና ከቀልድ ቪዲዮ ጋር በአንድ ጋለሪ ውስጥ ተቀምጦ፣ መቆየቱም መጥፋቱም በባለስልኩ ፈቃድ ሆነ። በፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ማናቸውም ማስረጃ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ማን ያዘው፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ በመካከል የነካው አለ ወይ የሚለው፣ እዚህ ላይ መልስ የለውም። ስልክ የሚያነሣው ፎቶ ውስጥ የተነሣበት ሰዓት፣ የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ሲበራም የቦታው መረጃ አብሮ ይቀመጣል፤ ነገር ግን አባሉ ምስሉን ለባልደረባው በመልእክት መተግበሪያ ሲልከው አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ይህንን መረጃ አስወግደው፣ ምስሉንም አሳንሰው ነው የሚያደርሱት። የስልኩን ሰዓት ባለቤቱ በእጁ ሊቀይረው ይችላል። ምስሉን መቁረጥ፣ ማብራትና ማጥራት ደግሞ ዛሬ ሕፃን ልጅም የሚሠራው ነገር ሆኗል። ማንም ሰው ሆን ብሎ ባይነካካው እንኳ መሣሪያው ራሱ የሚያደርገው አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ ታዋቂ ኩባንያ የኮፒ ማሽኖች ሰነድ ሲያነሡ ምስሉን ለማሳነስ በሚጠቀሙበት ዘዴ ምክንያት 6 ቁጥርን በ8 ሲተኩ መገኘታቸው ይታወሳል፤ ቁጥሩ ደብዝዞ ሳይሆን ጥርት ብሎ ነበር የተሳሳተው። ታርጋ ማለት ፊደልና ቁጥር ነው፤ ከሩቅ በዙም የተነሣን ታርጋ የስልኩ ሶፍትዌር ራሱ እያጠራ በሚያቀርብበት ዘመን ዋናው ምስል ሳይነካ መቀመጡ የቅንጦት ጥያቄ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አንድ ነጠላ ፎቶ ምን ሊያሳይ እንደሚችልና እንደማይችልም ማሰብ ያስፈልጋል። ከሩቅ በዙም የተነሣ ምስል ከፊትና ከኋላ ያሉ ነገሮችን አቀራርቦ ስለሚያሳይ ከማቆሚያው መስመር በስተኋላ ያለ መኪና መስመሩን የረገጠ ሊመስል ይችላል። አንዳንድ የኤል ኢ ዲ የትራፊክ መብራቶች ዓይን በማይለየው ፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚሉ፣ ካሜራው በሰከንድ ቁራሽ በሚከፈትበት ጊዜ የበራው መብራት ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ፎቶ ከእሱ በፊትና በኋላ የሆነውን አያውቅም። ለአምቡላንስ መንገድ ለመልቀቅ መስመሩን ያለፈ፣ ፊት ለፊቱ በድንገት የገባ ሕፃን ለማትረፍ ወደ ጎን የታጠፈ፣ አረንጓዴ ላይ ገብቶ ከፊቱ ያለው ሰልፍ ስላልተንቀሳቀሰ መሐል ላይ ቀይ የበራበት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ ከጥፋተኛው ጋር አንድ ናቸው። የጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለያቸዋል። ያው ስልክ ቪዲዮም ይቀርጻልና ለዚህ ልዩ መሣሪያ መግዛት እንኳ አያስፈልግም።

ምስሉ ለተቀጣው ሰው መድረሱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያች ከተማ አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በተፈቀደበት መንገድ ላይ 61 ገደማ ነድቷል ተብሎ በፍጥነት ካሜራ ተቀጣ። ለባለመኪናው ከቅጣቱ ጋር የደረሰው ቪዲዮ ሲታይ ግን መኪናው ከቀይ መብራት ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አልተንቀሳቀሰም። ቅጣቱን አንድ ፖሊስ አይቶ ትክክል ነው ብሎ ፈርሞበት ነበር። የአገሬው ጋዜጣ ጉዳዩን ካወጣ በኋላ ሌሎችም ስሕተቶች እየተገለጡ ሄደው ከተማው በ2013 ካሜራዎቹን አጠፋቸው። ይህ የሆነው በቋሚ ካሜራ፣ በተመረመረ መሣሪያና የፖሊስ ፊርማ ባለበት አሠራር ነው። ስሕተቱ የተገኘውም ባለመኪናው ቪዲዮው በእጁ ስለነበረ እንጂ በፊርማው ምክንያት አይደለም። ማስረጃው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ በሚቀርበት አሠራር ስንት እንዲህ ያለ ስሕተት ሳይገለጥ እንደሚያልፍ እናንተው ገምቱት።

ይህ የእኔ ብቻ ስጋት ያለመሆኑን የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በሰጠው ውሳኔ በፍጥነት የተቀጣ አሽከርካሪ በመዝገቡ ውስጥ ያልተካተተውን የመለኪያ መረጃ ጭምር የማየት መብት እንዳለው፣ ይህም ከፍትሐዊ ዳኝነት የሚመነጭ እንደሆነ ገልጿል። ከዚያ በፊት በ2019 የዚያው አገር የዛርላንድ ግዛት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት፣ መሣሪያው ጥሬ መረጃውን ስለማያስቀምጥና አሽከርካሪው ሊከራከርበት ስለማይችል በአንድ ዓይነት የፍጥነት መለኪያ የተገኘ ውጤት ለቅጣት መዋል እንደማይችል ወስኗል። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ መሣሪያው ተሳስቷል አላለም። ሊመረመር የማይችል ስለሆነ አልቀበለውም ነው ያለው። ፎቶው ከስልኩ የጠፋበት ጓደኛዬም የጎደለበት ይኸው መብት ነው።

የስልክ ፎቶን ጉዳይ ከማንም ይበልጥ በቅርብ ያስተናገደችው ሕንድ ሳትሆን አትቀርም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የወጣው የተሽከርካሪ ደንብ ማሻሻያ ለኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚውሉ መሣሪያዎች ተመርምረው የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው፣ የቅጣት ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ እንዲደርስ፣ ማስታወቂያውም ጥፋቱንና ታርጋውን ከሚያሳይ ምስል ጋር እንዲሆን ያዛል። የማሃራሽትራ ግዛት የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎች ደግሞ በ2025 አባሎቻቸው በግል ስልካቸው ፎቶ አንሥተው በኋላ ወደ ሲስተሙ እንዳያስገቡ፣ ይህን በሚያደርጉት ላይም የዲሲፕሊን እርምጃ እንደሚወሰድ የሚገልጽ ትእዛዝ አውጥተዋል። ትእዛዙ የወጣው ከአሽከርካሪዎች በቀረበ ብዙ ቅሬታ ምክንያት ሲሆን፣ ያወጡት ግን ሌሎች ሳይሆኑ የፖሊሶቹ የራሳቸው አለቆች ናቸው። ስለዚህ እናንተም ልታደርጉት የማትችሉትን ነገር አልጠየቅኋችሁም።

ስለ ጉቦም በግልጽ መነጋገር አለብን። የስልክ ካሜራ ጉቦን ያስቀራል ሲባል እሰማለሁ፤ በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ሲሆን እውነት ሊሆን ይችላል። በግል ስልክ ሲሆን ግን ተቃራኒውን በር ይከፍታል። ፎቶው ተነሥቷል፤ ገና አልተመዘገበም። ማስመዝገብም መተውም በአንድ ሰው ጣት ነው። አሽከርካሪውን አስጠግቶ ምስሉን አሳይቶ «ይሄ ይግባ ወይስ እናጥፋው?» የሚል አባል ቢኖር የሚይዘው ነገር የለም፤ የጠፋው ፎቶ መነሣቱን የሚያውቅ መዝገብ የለማ። እያንዳንዱ ምስል በተነሣበት ቅጽበት ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቶት በቀጥታ ወደ ማዕከል የሚሄድ ከሆነ ግን የጎደለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ንጹሑን ፖሊስ ከሐሰት ውንጀላ የሚጠብቀውም ይኸው ነው፤ ዛሬ በጉቦ የሚጠረጠር ቅን አባል «አላጠፋሁም» ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ከገንዘቡ ጋር የተያያዘው ጥያቄ ከአባሉ ወደ መሥሪያ ቤቱም ይሄዳል። አባሉ በቀን ይህን ያህል ፎቶ አምጣ ከተባለ ወይም ከቅጣቱ ድርሻ የሚታሰብለት ከሆነ የሚያነሣው አደገኛውን ጥፋት ሳይሆን ለማንሣት የሚቀለውን ነው። የቆመ መኪና ማንሣት በፍጥነት የሚበረውን ከማንሣት በእጅጉ ይቀላል። በእንግሊዝ የፍጥነት ካሜራዎችን የሚያስተዳድሩ አካላት ወጪያቸውን ከሰበሰቡት ቅጣት ላይ ይሸፍኑበት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቶ ገንዘቡ በሙሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደርጓል። በቺካጎ ደግሞ ለቀይ መብራት ካሜራዎች ውል ሲባል ጉቦ የተቀበለ የከተማው ባለሥልጣን በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የቅጣት ገንዘብ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ጠባቂ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በፎቶው ውስጥ የሚገቡት ሌሎች ሰዎችስ? ከፊት የተነሣ መኪና ውስጥ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አለ፣ ከኋላ ልጆች አሉ፣ በእግረኛ መንገድ የሚያልፉ አሉ። እነዚህ ሰዎች አንዳች ጥፋት የለባቸውም፤ ምስላቸው ግን በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ፣ ስልኩ በራሱ ጊዜ በኢንተርኔት ወዳለ ማከማቻ (ክላውድ) ገልብጦት፣ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ቢሸጥ አብሮ ይሄዳል። የጀርመኑ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በመንገድ ላይ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች ሁሉ ያለ ሕግ መሠረት በቪዲዮ መቅረጽ የሰዎችን የግል መረጃ መብት እንደሚነካ ሲወስን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጥፋት ሲጠረጠር ብቻ የሚነሣ ምስልን ተቀብሏል። ልዩነቱ ለእናንተም ይጠቅማችኋል፤ ጥፋት ሲታይ መቅረጽ አንድ ነገር ነው፣ ካሜራውን ከፍቶ የሚመጣውን መጠበቅ ሌላ ነው።

የመዘግየቱ ነገር በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለምን እንደቆመ የሚያስታውስ አሽከርካሪ ማን ነው? በእንግሊዝ ሕግ ፖሊስ ያላስቆመውን አሽከርካሪ በፍጥነት ጥፋት ለመክሰስ ከሆነ በመርህ ደረጃ ማስታወቂያው በ14 ቀን ውስጥ ለባለንብረቱ መድረስ አለበት። ታርጋ ደግሞ ባለንብረቱን እንጂ ነጂውን አያሳይም። ኔዘርላንድስ በታርጋ የሚጣለውን አስተዳደራዊ ቅጣት በባለንብረቱ ላይ ታደርጋለች፤ ጀርመን የነዳው ሰው ማንነት እንዲረጋገጥ ትጠይቃለች። የትኛውም ቢመረጥ በሕግ ተጽፎ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ መኪናውን ያከራየ፣ ለሹፌር የሰጠ ወይም ታርጋው ተመሳስሎ የተሠራበት ሰው የሚከራከርበት በር ሊኖረው ይገባል። ከዚህም የሚከፋው፣ ቅጣቱ በሚዘገይበት ጊዜ አደጋው አይዘገይም። ጠጥቶ የሚነዳን ወይም ሕፃናት በሚያቋርጡበት ቦታ የሚከንፍን ሰው ፎቶ አንሥቶ ማሳለፍ የሚቀጥለውን እግረኛ አያድነውም። እንዲህ ያለው አሽከርካሪ መቆም አለበት፤ ስልኩ ፖሊሱን ከዚህ ግዴታው ሊያሳርፈው አይገባም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ በመመሪያ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። አባላት ለቅጣት በግል ስልካቸው እንዳያነሡ ይከልከል፤ ለሥራው የሚውለው ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ በእሱም ላይ ምስሉ በጋለሪ ሳይቀመጥ፣ ሳይቆረጥና ሳይነካ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይዞ በቀጥታ ወደ ማዕከል የሚያስገባ መተግበሪያ ይጫንበት። ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ አጭር ቪዲዮ ግዴታ ይሁን። ቅጣቱ ከመጽደቁ በፊት ምስሉን ያነሣው አባል ያልሆነ ሌላ ሰው ይየው። ማስታወቂያው በተወሰነ አጭር ጊዜ ውስጥ ሙሉው ምስል ሊታይበት ከሚችል አድራሻ ጋር ይድረስ፤ ካልደረሰ ቅጣቱ ይቅር። ቅሬታ ለማቅረብ አስቀድሞ መክፈል አይጠየቅ፤ ቅሬታው እስኪታይም ቅጣቱ አይጨምር፣ የአገልግሎት ክልከላም አይከተል። ማስረጃው ክርክሩ እስኪያልቅ ይቆይ፤ ሲያልቅ ወይም ጥፋት ያለመኖሩ ሲረጋገጥ ይጥፋ። ለአባላት የፎቶ ኮታና ከቅጣት የሚታሰብ ድርሻ አይኑር።

አዲሱ አሠራር ሲጀመርም ሰው የሚለምድበት ጊዜ ስጡት። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እየነዱ ስልክ የሚይዙትን የሚለዩ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ስትጀምር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የላከችው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ መቅጣት የጀመረችው ከመጋቢት 2020 ወዲህ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ አሽከርካሪውን ያስተምራል፤ መሥሪያ ቤቱም የሲስተሙን ስሕተት በሰው ኪስ ላይ ሳይሞክር ያገኘዋል።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ፤ እስካሁን በግል ስልክ ተነሥተው የተመዘገቡና ገና ያልተከፈሉ ቅጣቶች ዋናው ምስል መኖሩ እንዲጣራ፣ ዋናው የሌላቸውም እንዲሰረዙ እዘዙ። በክፍሎቻችሁ ውስጥ ስንቱ ዋናው ምስል እንዳለው፣ ስንቱ እንደጠፋ ቆጥራችሁ ለሕዝብ ብታሳውቁ ደግሞ ቀጣዩን መመሪያ ለመጻፍ ከማንም ምክር የበለጠ ይረዳችኋል። ምላሻችሁን በጽሑፍና በይፋ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አሽከርካሪ